ጃፓን ላለ ልጅ “ደህና ነሽ?” አይበቃም

አንዲት የቃሊቲ እናት “ልጄ የጃፓን መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ ልትሄድብኝ ነው፤ ከልብሷ ሌላ ምን ላዘጋጅላት?” ብለው ጠይቀውኛል። እንኳን ደስ አለዎት እናቴ። ሻንጣውን መጨረሻ ላይ እናየዋለን። በቅድሚያ ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናውራ፤ ልጅ የሚፈተነው ያኔ ነውና።

ጃፓን ለእኛ ሰው አዲስ አገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ሄደው ያዩትን “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” በሚል መጽሐፍ ጽፈውልናል። አበበ ቢቂላም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአንድ ወር በላይ ብዙም ሳይቆይ፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፏል። ዛሬም ከኢትዮጵያ መጣሁ ያለ ተማሪ “አበበ!” የሚሉ አዛውንቶች ያጋጥሙታል።

አሁን ብዙዎቹ ልጆች የሚሄዱት ሜክስት በሚባለው የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር ስኮላርሺፕ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ቋንቋ ተምረው ነው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ፊደሎቻቸው እንደ እኛ ሀ ሁ ሂ ተነባቢውን ከነአናባቢው ስለሚይዙ፣ ፊደል የቆጠረ ልጅ ቶሎ ይለምዳቸዋል። ከቻይና የወረሱት ካንጂ ግን ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልገው ብቻ ከሁለት ሺህ ይበልጣል፤ እሱ ዓመታት ይፈልጋል።

ወደ ጤናው ልመለስ። ጃፓን ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ስለሆነ፣ ሁለቱ ስድስቶች ይጣፉና በግድግዳችሁ ሰዓት ላይ የምታዩት ቁጥር ጃፓን ካለው ሰዓት ጋር አንድ ይሆናል። እኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ስንል እዚያ እኩለ ሌሊት፣ የእነሱ 12 ሰዓት ነው። እራታችሁን በልታችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስልክ ብታነሱ፣ ልጃችሁን ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ላይ ቀሰቀሳችኋት ማለት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደውሉ፤ እዚያ ምሽት ነው፣ ከትምህርት ተመልሳለች። ሰውነት አዲስ ሰዓት የሚለምደው በቀን አንድ ሰዓት ያህል እየተስተካከለ ነውና፣ በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፏ ቢዛባ አትደንግጡ። በሁለተኛው ሳምንት ግን መስተካከል አለበት።

ሁለተኛው ምግብ ነው። የጃፓን የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በእኛ መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ነው። ሾርባቸው ሁሉ ማለት ይቻላል በዓሣ መረቅ ይሠራል፤ አትክልት የሚመስለው ላይ እንቁላል ይገኛል። ጾም ያላት ልጅ ግራ ሲገባት ነጭ ሩዝ ብቻ በልታ ትውላለች፤ በሦስተኛው ሳምንት ቀበቶዋ ሰፍቶ፣ ስትነሳ ያዞራታል። ቶፉ የሚባለው ከአኩሪ አተር የሚሠራው ምግብ ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ጥሩ ፕሮቲን ነው። ምስርና ሽምብራ በሕንዶችና በሙስሊሞች ሱቆች ይሸጣል። ይህን ከመሄዷ በፊት ንገሯት።

ሦስተኛው ሰዎቹ ናቸው። ጃፓናውያን ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ዝምተኞች ናቸው። ባቡር ላይ በስልክ አይወራም። ሰውን የሚጠሩት በቤተሰብ ስሙ ስለሆነ የእኛ ልጅ በአባቷ ስም ትጠራለች፤ አባቷ ተሰማ ከሆኑ “ተሰማ ሳን” ይሏታል። (አባትየው ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፣ ልጅቱ ግን ማን እንደተጠራ ለማወቅ ሳምንት ይፈጅባታል።) ማስክ አድርገው ሲቀርቧት “ተጸየፉኝ እንዴ?” ብላ ታዝናለች። እነሱ ግን ጉንፋን የያዘው ሰው ሌላውን እንዳያስይዝ ማስክ ያደርጋል፤ በጸደይ ወራት ደግሞ የዛፍ ብናኝ አለርጂ ያለበት ሁሉ ያደርጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ኤንርዮ የሚሉት ጠባይ አላቸው። ሰውን ላለማስቸገር ራስን መቆጠብ ነው፤ የእኛ ይሉኝታ የሥጋ ዘመዱ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ይሉኝታ ያለው ልጅ ኤንርዮ ካለው ልጅ ጎን ዶርም ሲገባ፣ ሁለቱም ተከባብረው ዝም ይላሉ።

የሰፈራችን ልጅ የደረሰባትን ላጫውታችሁ፤ እሷም እናቷም ለሌላው ትምህርት ይሁን ብለው ፈቅደውልኛል። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት አክስቷን ለመሰናበት መተሐራ ሄዳ ሁለት ሳምንት ቆይታ ነበር። ጃፓን በገባች በሦስተኛው ሳምንት ያንቀጠቅጣት፣ ያተኩሳት፣ በላብ ያጠምቃት ጀመር። በማግስቱ ይተዋትና ክፍል ትገባለች። በሦስተኛው ቀን ይመለስባታል። እናቷ ሲደውሉ “ደህና ነኝ እማዬ” ትላለች። ሐኪም ቤት ብዙ ገንዘብ ያስከፍለኛል ብላ ፈርታለች፤ እናቷንም ማስጨነቅ አልፈለገችም።

አንድ ቀን ቡና ላይ እናትየው “አንድ ቀን ድምጿ ደህና ነው፣ በማግስቱ ስልክ አታነሳም፣ ከዚያ ደግሞ ደህና ትሆናለች” አሉኝ። ቀን እየዘለለ የሚመጣ ነገር ስሰማ ነርስ ነኝና ጆሮዬ ቆመ። መተሐራ መሄዷን ሳውቅ “አሁኑኑ ደውይላት፣ ትኩሳት እንዳላት ጠይቂያት፤ ካላት ወባ ካለበት አገር እንደመጣች ለሐኪም ትናገር” አልኳት።

ልጅቱ እያለቀሰች ተናገረች። በዚያው ቀን ጎን ካለው ክፍል ያሉ ሁለት ጃፓናውያን ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲው ጤና ማዕከል ወሰዷት፣ ከዚያም ሆስፒታል ተላከች። ደሟ ታየ፤ ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ሆኖ ተገኘ። ታክማ፣ ጉበት ውስጥ የሚደበቀውን ተውሳክ የሚያጠፋውንም መድኃኒት ወስዳ ዳነች። እነዚያ ልጆች በር መያዣዋ ላይ የሚጠጣ ነገርና የሩዝ ገንፎ በፌስታል እያንጠለጠሉ ይሄዱ ነበር ለካ። ማንኳኳት ማስቸገር መስሏቸው ነበር። እሷ ደግሞ ሊቀርቡኝ አልፈለጉም ብላ ነበር።

ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ወባ አይታሰበንም። ቆላ ደርሶ የተመለሰ ሰው ግን ቫይቫክስ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ሊነሳበት ይችላል። ፋልሲፓረም የሚባለው ከሆነ ደግሞ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ጃፓን ውስጥ ወባ ብርቅ ነው፤ ታካሚው ካልተናገረ ሐኪሙ ላያስበው ይችላል።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይባላል። ድብብቆሹ ግን ከልጅ ብቻ አይደለም። እኛስ? አያት ሆስፒታል ተኝተው “ሁሉም ደህና ነው” እንላለን። ውጭ ላለ ልጅ መርዶ ወራት ይደበቃል። ልጅ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ አይቶታል፤ ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ነገር እንደማይነገር የተማረው ከእኛ ነው። ልጃችሁ እውነቱን እንድትነግራችሁ ከፈለጋችሁ እናንተም ንገሯት። “አያትሽ ታመዋል፣ ጥሩነሽ ቤጂንግ ወስደናቸዋል፣ እየተሻላቸው ነው” ማለት ልጅ አያፈርስም።

በሥራ ዘመኔ “ደህና ነዎት?” ብዬ ጠይቄ ያገኘሁት በሽታ የለም። በሽታ የሚገኘው በዝርዝር ጥያቄ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት እነዚህን ጠይቁ፦

ዛሬ ምን በላሽ? ከማን ጋር በላሽ?
ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ? ስንት ሰዓት ተነሳሽ?
በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ከክፍል ቀረሽ?
ትኩሳት ነበረሽ? ቴርሞሜትሩ ስንት አለ?
ብትታመሚ በሩን የምታንኳኪበት ሰው ማን ነው?

የመጨረሻው ዋናው ነው። እዚህ አቃቂ አንድ ሰው ሲታመም ግማሽ ሰፈር ይከተለዋል፤ እዚያ ግን ራሷ ማንኳኳት አለባት። “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለጎረቤቶቿ ትንሽ ስጦታ ይዛ ስሟን ትንገራቸው፤ አገሬው ራሱ አዲስ ቤት ሲገባ የሚያደርገው ነው። ከዚያ ወዲያ ለማንኳኳት ይቀላታል። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣች፣ መብላት ካቃታት ወይም ከክፍል መቅረት ካበዛች ግን ናፍቆት ነው ብላችሁ አትለፉት። ዩኒቨርሲቲዎቹ የተማሪ ማማከርያ አላቸው፤ እንድትሄድ ገፋፏት።

አሁን ወደ ሻንጣው። ቴርሞሜትር፣ የክትባት ካርድ፣ ጥቂት ፓኬት ለምለም (ኦአርኤስ) አስገቡ። አሞክሳሲሊን በፌስታል አታሽጉላት፤ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ እዚህም እዚያም ልክ አይደለም። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካላት ከነማዘዣው ትያዝ፤ ከአንድ ወር በላይ የሚበቃ ከሆነ አስቀድማ ከጃፓን ፈቃድ መጠየቅ አለባት። ቋንጣ አይሆንም፤ የሥጋ ውጤት ያለ ላኪው አገር መንግሥት የምርመራ ማረጋገጫ አይገባም።

ስለ ገንዘቡም ንገሯት። ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ የውጭ ተማሪ በብሔራዊ የጤና መድኅናቸው መመዝገብ ግዴታው ነው። ከተመዘገበች ከሕክምና ወጪዋ የምትከፍለው 30 በመቶውን ነው። አምቡላንስ በ119 ይጠራል፣ አይከፈልበትም። ይህን ቁጥር በስልኳ ላይ ከመሳፈሯ በፊት መዝግቡላት።

ለጠያቂዋ እናት፣ ልጅዎን በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልስልዎ።