የዛፍ እባብን በመስተዋት ሣጥን ስለ ማኖር

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች እባብን በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች ቍጥራቸው ጥቂት አይደለም፤ ከእነዚህም መካከል መርዝ የሌለውን እባብ በማሳደግ ጀምረው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ልባቸው ሌላ የሚሻ፣ ነገር ግን እንደ ኮብራ ያለውን ገዳይ እንዳይዙ ሕግም ሕሊናም የሚከለክላቸው፣ በሁለቱ መካከል መንገድ ሲፈልጉ «መርዙ ቀላል ነው» የተባለለትን የዛፍ እባብ ገዝተው በመስተዋት ሣጥን የሚያኖሩ አሉ። እኔ እባብን ማድነቅ ነውር ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ፈጣሪ ባስጌጠው ፍጥረት ፊት ቆሞ መደነቅ የልቡና ጤንነት ምልክት ነውና፣ እባብ ባየ ቍጥር ድንጋይ ከሚያነሣ ሰው ይልቅ ረጋ ብሎ የሚመለከተው ሰው ይበልጥብኛል። ዳሩ ግን አድናቆት ወደ ባለቤትነት ሲለወጥ የሚከተለው ነገር ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውምና፣ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። ዓመታቱንና ቀኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

በዚህ ንግድ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ የማንግሮቭ እባብ የሚባለው ነው። አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲሆን፣ በማሌዥያ፣ በታይላንድ፣ በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ ደኖች፣ ይልቁንም ባሕር በሚነካቸው ረግረጋማ ጫካዎች ይኖራል፤ ርዝመቱም እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ይደርሳል። ጥቍር ሰውነቱ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል፤ በጥቍረቱም ላይ ቀጫጭን ብጫ ቀለበቶች በየተራ ይሻገሩበታል፤ ከንፈሩ ብጫ ሆኖ በየቅርፊቱ ጠርዝ በጥቍር መሥመር ተከፍሏል። ቀን ቀን በቅርንጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ይውላል፤ በዚያን ጊዜ የዓይኑ ብሌን ቀጥ ብላ ትጠባለች። ሲመሽ ብሌኗ ትሰፋለች፣ ምላሱ ይወጣ ይገባ ይጀምራል፣ እባቡም ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ሲሻገር የሰውነቱ እኩሌታ ያለ አንዳች ድጋፍ በአየር ላይ ተዘርግቶ ይቈያል። ሲቈጣ አንገቱን አጥፎ ወደ ኋላ ይስብና አፉን በሰፊው ከፍቶ ይጠብቃል። ይህን ያየ ሰው ቢማረክ አልፈርድበትም።

የእነዚህ እባቦች የመርዝ ጥርስ እንደ እፉኝት በአፋቸው ፊት ለፊት የተተከለ አይደለም፤ ከላይኛው መንጋጋ በስተኋላ ይገኛል፤ ጐኑም በቦይ የተቦረቦረ ነው። እባቡ የያዘውን ሳይለቅ እያላመጠ ሲነክስ፣ መርዙ በዚያ ቦይ እየወረደ ወደ ቍስሉ ይገባል። ስለዚህ ሰውን ነክሶ ወዲያው የለቀቀ እንደ ሆነ ጕዳቱ ብዙውን ጊዜ ሕመምና እብጠት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከዚህም በላይ የማንግሮቭ እባብ መርዝ በባሕርዩ ለወፍ የተሰናዳ ነው፤ በ2006 የታተመ ምርምር ከመርዙ አንዱን ንጥረ ነገር ለይቶ፣ በጫጩት ጡንቻ ላይ የሚሠራው ሥራ በአይጥ ጡንቻ ላይ ከሚሠራው መቶ እጥፍ ያህል እንደሚበረታ አሳይቷል። እንግዲህ ነጋዴው ስለዚህ ስለ አንዱ እባብ «ሰው አይገድልም» ቢል ሐሰተኛ ልንለው አንችልም። ስሕተቱ የሚጀምረው ለአንዱ የተሰጠው ምስክርነት ለሌላው ሲተላለፍ፣ ጥርሱ ከኋላ የሆነው ሁሉ በአንድ መዝገብ ሲጻፍ ነው።

በአፍሪካ ዛፎች ላይ የሚኖረው ቡምስላንግ የተባለው እባብ ጥርሱ እንደዚሁ ከኋላ ነው። ዓይኑ ትልቅና ክብ ነው፤ ከሰው ይሸሻል፤ እስስትና ወፍ እየለቀመ ቅጠል መካከል ተሰውሮ ይኖራል። በመስከረም ወር 1957፣ በወሩ በ25ኛው ቀን፣ በቺካጎ የሚገኘው የሊንከን ፓርክ የአራዊት ማሳያ ከአፍሪካ የመጣ አንድ ትንሽ እባብ ወገኑ እንዲታወቅለት ወደ ፊልድ ቤተ መዘክር ላከ። የተቀበለው ካርል ፓተርሰን ሽሚት ነበር፤ ዕድሜው 67 ዓመት የሆነ፣ ዕድሜውን ሁሉ በእባብና በእንሽላሊት ጥናት የፈጸመ፣ በዚህም ዕውቀት በዓለም ከታወቁት ሊቃውንት አንዱ የሆነ ሰው። እባቡ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን መልኩ ቡምስላንግን ይመስል ነበር፤ ነገር ግን አንዲት ቅርፊት ከሚጠበቀው ተለይታ ስለ ተገኘች ሊቁን አጠራጠረችው። ይህንኑ ለማጣራት በእጁ ባነሣው ጊዜ እባቡ የግራ እጁን አውራ ጣት ነከሰው፤ ከሁለቱ የኋላ ጥርሶች የገባው አንዱ ብቻ ነው፤ የገባበትም ጥልቀት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። እባቡ ገና ሕፃን፣ ቍስሉም ጥቂት መሆኑን አይቶ ነገሩን አቀለለው፤ ወደ ሐኪም አልሄደም።

ሽሚት የሊቅ ልማዱ አልለቀቀውምና የሚሰማውን ሁሉ በሰዓት በሰዓቱ እየጻፈ ወደ ቤቱ በባቡር ተጓዘ። ማቅለሽለሽ፣ ከዚያም ብርድ ብርድ ማለትና ትኵሳት፣ ከዚያም የድድ መድማት ሆነ። በማግሥቱ ጧት ተሻለኝ ብሎ ቍርሱን በላ፣ ወደ ቤተ መዘክሩም በስልክ ተናገረ፤ ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ሞተ። አስከሬኑ በተመረመረ ጊዜ ሳንባው፣ ኵላሊቱ፣ ልቡና አንጐሉ ደም ፈሶባቸው ተገኘ። የቡምስላንግ መርዝ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ኃይል በጥቂት በጥቂቱ አባክኖ ይጨርሰዋልና፣ የተነከሰው ሰው ለሰዓታት ደኅና መስሎ ይቈይና ደሙ በውስጥ ባሉት ሕዋሳቱ መፍሰስ ይጀምራል።

ከዚህ 18 ዓመት በኋላ ሁለተኛው ሊቅ በተመሳሳይ ዕጣ ወደቀ። ሮበርት ሜርተንስ በፍራንክፈርት የዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ሹም የነበረ፣ ስለ እንሽላሊትና ስለ እባብ ብዙ መጻሕፍትን የጻፈ ጀርመናዊ ነው። ስሙ ዛሬም በሥነ ፍጥረት ትምህርት ውስጥ ከአንድ ረቂቅ ሐሳብ ጋር ተያይዞ ይጠራል። በአሜሪካ አህጉር ቀይና ጥቍር፣ ብጫም ቀለበት ያላቸው እባቦች አሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዱ ገዳይ፣ አንዳንዱ መካከለኛ መርዝ ያለው፣ አንዳንዱም መርዝ የሌለው ነው። አጥቂው በገዳዩ ተነድፎ ከሞተ ቀለሙን መፍራት ሊማር አይችልምና፣ ፍርሃትን የሚያስተምረው ገድሎ የማይጨርሰው፣ አሳምሞ የሚተወው መካከለኛው እባብ ነው፤ ገዳዩም የዚህን መካከለኛ መልክ ይዋሳል የሚል ሐሳብ ነው። ሜርተንስ ይህን ያህል ስለ መካከለኛው መርዝ ያሰበ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በ1975 በራሱ ዘንድ ያሳድገው የነበረውን፣ ደረቅ ጭራሮ የሚመስለውን የአፍሪካ የዛፍ እባብ ሲመግብ ተነከሰ። ለዚህ እባብ መርዝ ያን ጊዜም ዛሬም ማርከሻ መድኃኒት የለውም። 18 ቀን ታመመ፤ እርሱም እንደ ሽሚት የሕማሙን ነገር እየጻፈ ቈይቶ በነሐሴ 23 ቀን በ80 ዓመቱ ዐረፈ።

የእነዚህን የሁለቱን ሰዎች ሞት የማነሣው አንባቢን ለማስፈራት አይደለም፤ በዕውቀት ከእነርሱ የሚተካከል የእባብ አሳዳጊ በዓለም ላይ ማግኘት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ነው። ቡምስላንግ ለረጅም ዘመን ሰውን የማይጐዳ ተደርጎ ይቈጠር ነበር፤ ይህም ፍርድ የቆመው ነገሩን ያየ ሰው ጥቂት በመሆኑ ላይ ነበር። ዛሬም ከኋላ ጥርስ ካላቸው ከብዙዎቹ እባቦች መርዛቸው በጥልቅ የተመረመረው ጥቂቱ ብቻ ነው። የእንግሊዝ አገር ሕግ ቡምስላንግንና ጭራሮ መሳዩን እባብ ያለ ፈቃድ ማኖርን መከልከሉ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን ሕግ ስማቸውን ያልጻፋቸው ሁሉ የዋሃን ናቸው ብሎ መደምደም አይገባም።

ለእኔ ግን ከሰውየው አደጋ ይልቅ የእባቡ መከራ ይከብደኛል። ከእነዚህ የዛፍ እባቦች ብዙዎቹ በሰው ቤት የተፈለፈሉ አይደሉም፤ በደን ተይዘው፣ በከረጢት ታስረው፣ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። ከደቡብ እስያ የሚመጣውን ቀጭን አረንጓዴ የሐረግ እባብ ተመልከቱ፤ ራሱ እንደ ቅጠል ጫፍ ሾጥጦ፣ የዓይኑ ብሌን በአግድም ተዘርግታ፣ ሁለቱን ዓይኖቹን በአንድነት ወደ ፊት አቅንቶ እንሽላሊትን በርቀት መትሮ የሚይዝ ፍጥረት ነው። ነጋዴው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይሸጠዋል፤ ገዢውም የቀዘቀዘ አይጥ ያቀርብለታል፤ እባቡ ግን አይጥን ምግቡ አድርጎ አያውቀውምና ይጾማል። በሰውነቱ ውስጥ ከደን ይዞት የመጣው ትል፣ በጕዞው የደረሰበት ጥማት፣ በመስተዋቱ ላይ አፍንጫውን እየመታ የሚያቈስለው ቍስል ተደራርበው በጥቂት ወራት ውስጥ ይገድሉታል። ይህ እንዲሁ በየዋህነት የሚደረግ ግፍ ነው፤ አድራጊው ወዳጅ ነኝ ብሎ ማመኑም ግፍነቱን አያስቀርለትም።

እባብ ከአገሩ ወጥቶ ባመለጠ ጊዜ የሚሆነውን ደግሞ የጓም ደሴት ትመስክር። ቡናማው የዛፍ እባብ፣ የማንግሮቭ እባብ የቅርብ ዘመድ የሆነው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጭነት ተሸሽጎ ወደዚያች የፓስፊክ ደሴት ገባ። ያመጣው ለተድላ የሚያሳድገው ሰው አልነበረም፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው። ወፎቿ እባብን የማያውቁ ነበሩና፣ ከ12ቱ የደን ወፎቿ 10ሩ ከደኗ ጠፉ፤ እባቡ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እየወጣ መብራት ያጠፋል፤ በአልጋቸው የተኙ ሕፃናትንም ነክሷል። አሜሪካ ይህን እባብ ማስገባትን በ1990 በሕግ ከለከለች፤ ለደሴቲቱ ወፎች ግን ክልከላው ዘግይቶባቸዋል።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ቡምስላንግ በኢትዮጵያም ይኖራል። እኛ እባብን የምናውቀው በአርዌ ታሪክ፣ ሕዝቡን ሲያስገብር ኖሮ በጀግና እጅ በተገደለው ዘንዶ ነው፤ ሙሴ በምድረ በዳ ያቆመው የናስ እባብም ከዚሁ ጋር በልባችን ይኖራል። ሁለቱም ግን በደጃችን ያለውን እባብ ለይተን እንድናውቅ አላደረጉንም። በሰሜን ምዕራብ በሰሊጥና በጥጥ እርሻ ላይ ለዕለት እንጀራው ጐንበስ ብሎ የሚውለው የቀን ሠራተኛ በእባብ ይነደፋል፤ በአብደራፊ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር ከካላዛር ሕሙማን ጋር እባብ የነደፋቸውን ሲያክም ኖሯል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 የእባብ ንድፈትን ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች መካከል ጽፎታል። የእባብ መርዝ ማርከሻ እንደ ልብ የማይገኝ ውድ መድኃኒት ነው፤ የቡምስላንግ ማርከሻማ የሚሠራው በደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው። ወድዶና ፈቅዶ መርዝን በቤቱ የሚያስገባ ባለጠጋ፣ ሳይወድ በእርሻ ላይ ከሚነደፈው ድኻ ጋር ለአንዱ ብልቃጥ እንዳይሻማ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ በውጭ አገር የምትኖሩ ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ ይህን ፍላጎት ያደረበት ቢኖር፣ ከደን የተያዘ የዛፍ እባብ ከማንም አትግዙ። አስቀድሞ በእጁ ያለ ሰው ሣጥኑን በቍልፍ ይዝጋ፤ በባዶ እጁ አይንካው፤ ብቻውንም ሆኖ አይመግበው። የተነከሰ እንደ ሆነ ሕመም ባይሰማውም በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የእባቡንም ስም ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይንገር፤ አንድ ሌሊት ደኅና ማደር የመዳን ማስረጃ አይደለምና፣ ደሙ በተደጋጋሚ ሳይመረመር ወደ ቤቱ አይመለስ።