ለነፍሰ ጡር ሴት መድኃኒት ስለ መግዛት

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂም ሆነ በመተሐራ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ባመማት ጊዜ ወደ መድኃኒት ቤት የሚላከው ብዙውን ጊዜ ባል ወይም ልጅ ነው። መልእክተኛውም «የራስ ምታት መድኃኒት» ብሎ ይጠይቃል እንጂ መድኃኒቱ ለማን እንደ ሆነ አይናገርም፤ ሻጩም አይጠይቅም። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው ብለን እናምናለን።

ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የተለመዱ ማስታገሻዎች ናቸው። ነገር ግን ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት በኋላ ቢወሰዱ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የእንሽርቱን ውሃ ሊያሳንሱ ይችላሉ፤ በሐኪም ምክር የሚወሰድ ፓራሲታሞል ይሻላል። ቴትራሳይክሊን ደግሞ በማኅፀን ያለውን ሕፃን ጥርስ ያበልዛል። የወንጂ ሰው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ በጥርስ ላይ የሚያደርገውን በዓይኑ ስላየ፣ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻንም። የሀገር መድኃኒት ነው ተብሎ የሚታመነው ኮሶም ቢሆን ፅንስ የሚያስወርድ ስለ ሆነ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ይሁን እንጂ መድኃኒትን ሁሉ መፍራትም ሌላ ጥፋት ነው። እርግጥ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. በጀርመን አገር ለሽያጭ የቀረበው ታሊዶሚድ በ1961 ዓ.ም. እስኪታገድ ድረስ፣ ለማቅለሽለሽ ብለው የዋጡት እናቶች እጅና እግራቸው የጎደለ ልጆች ወልደዋል፤ የተጎዱትም ሕፃናት ከ10 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። በስምጥ ሸለቆ ግን ወባ አለ። ወባ ይዟት ሕክምናውን የምትሸሽ ነፍሰ ጡር ለደም ማነስና ለውርጃ ትጋለጣለች፤ ልጅዋም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን የተባለው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንኳ እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) መክሯል። ፕሪማኩዊን ግን በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። ሁለቱም የወባ መድኃኒቶች ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የጤና ባለሙያው ነውና፣ ጎረቤት ያስተረፈው ክኒን አይዋጥ።

ስለ ፊት ቅባትም ዝም ብለን አናልፍም። በእርግዝና ወራት ፊት ላይ ማዲያት ሲወጣ ሴቶች ስሙ በቅጡ ያልተጻፈበት ማንጫ ቅባት ከሱቅ ይገዛሉ። በአንዳንዱ ቅባት ውስጥ ሜርኩሪ ይገኛል፤ ይህም በቆዳ ገብቶ፣ ከእናቲቱ ደም ወደ ፅንሱ አልፎ፣ አንጎሉን ይጎዳል። ሃይድሮኪኖን የተባለውም ከተቀባው ሲሶ ያህሉ ወደ ደም ስለሚገባ በእርግዝና ጊዜ ቢቀር ይመረጣል። ማዲያቱ ከወሊድ በኋላ ብዙውን ጊዜ በራሱ እየደበዘዘ ይሄዳል። የሚያብሰውም ፀሐይ ስለ ሆነ፣ በአዳማ ቀትር ለምትወጣ ሴት ከቅባቱ ይልቅ ጃንጥላው ይጠቅማታል።