የካኩማ አምቡላንስ የማን ኃላፊነት ነው?

ወገኖቼ፣ ካኩማ ካምፕ ውስጥ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ የምትጠብቀው ከእርዳታ ድርጅት ነው። የለጋሹ በጀት ሲቆረጥስ ማንን ትጥራ? እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት እኮ አምቡላንስንም እሳት ማጥፋትንም የሰጠው ለካውንቲ ነው! አንቀጽ 43 ደግሞ ማንም ሰው ድንገተኛ ሕክምና አይከለከልም ይላል። ልብ በሉ፣ «ዜጋ» አላለም። ስለዚህ ካውንቲው ከድርጅቶች ጀርባ መደበቁን ይተው። የእሳት አደጋ ቡድን በውል ይቅጠር፤ ያው ቡድን ደም ማቆምና ነፍሰ ጡር ማጓጓዝም ይሰልጥን፤ ከመካከላችን ያሉትን ነርሶችም በደመወዝ (በ«ኢንሴንቲቭ» ሳንቲም አይደለም) ያስገባ። «በጀት የለም» የሚለን ካለ፣ ከስደተኛ ሱቆች የሚሰበሰበው የንግድ ፈቃድ ክፍያ የት እንደሚገባ አብሮ ይንገረን።