ዓለማችንን እንወቅ፦ ድንጋይ መስሎ የሚኖር እንስሳ

ዛሬ ጉዟችን ወደ ባሕር ነው። ብዙዎቻችን ባሕር አላየንም። ይሁን እንጂ ማንበብ የቻለ ሰው ያልረገጠውን አገርም ይጎበኛል። እንግዲህ በሐሳብ አብረን እንሳፈር።

የምንሄደው ወደ ግብፅ ነው። ከተማዋ ሁርጋዳ ትባላለች። በቀይ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። ድሮ ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባት ትንሽ መንደር ነበረች። ዛሬ ግን ባሕሩን ለማየት ከብዙ አገር ሰው ይመጣባታል።

ጉዞው የአንድ ቀን ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ግድም ሰዎቹ በቡድን ሆነው ጀልባ ላይ ይወጣሉ። ጀልባው በሞተር የሚሄድ ነው። ነጂ አለው፣ ወጥ ቤት አለው፣ መንገድ መሪም አለው። አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ ሁለት ደሴቶች ይታያሉ። ስማቸው ትልቁ ግፍቱንና ትንሹ ግፍቱን ነው። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። የጣና ደሴቶች ዛፍ አላቸው። እነዚህ ግን ደረቅ አሸዋና ድንጋይ ናቸው። «ታዲያ ምን ሊያዩ መጡ?» ትሉ ይሆናል። ጉዱ ያለው ከውሃው በታች ነው!

ሰዎቹ ውሃ የማያስገባ መነጽር ያደርጋሉ። መተንፈሻ ቱቦ በአፋቸው ይይዛሉ። ዋና የማይችል ሰው የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ይለብሳል። ከዚያ ወደ ውሃው ይገቡና ፊታቸውን ወደ ታች ያደርጋሉ።

ምን ያያሉ? የድንጋይ የአትክልት ቦታ የሚመስል ነገር ያያሉ። አንዱ ድንጋይ የአጋዘን ቀንድ ይመስላል። ሌላው ጥቅል ጎመን ይመስላል። ሌላው እንደ ምጣድ ተዘርግቷል። በመካከሉ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ ዓሣዎች ይመላለሳሉ። በቀይ ባሕር ውስጥ ከ1,000 በላይ የዓሣ ዓይነት አለ።

ይህ ድንጋይ የሚመስለው ነገር ኮራል ይባላል። ግን ድንጋይ ብቻ አይደለም። እንስሳ ነው!

አንዱ የኮራል እንስሳ በጣም ትንሽ ነው። ብዙዎቹ ከባቄላ ፍሬ ያንሳሉ። አፍ አለው። በአፉ ዙሪያ እንደ ጣት ያሉ ነገሮች አሉት። በእነሱ ከውሃው ውስጥ ጥቃቅን ምግብ ይይዛል። ከባሕሩ ውሃ ኖራ የመሰለ ነገር እየወሰደ ቤቱን ይሠራል። ሺህዎቹ ጎን ለጎን ሆነው ይሠራሉ። ያረጀው ሲሞት አዲሱ በላዩ ላይ ይሠራል። እንዲህ እንዲህ እያለ በባሕር ውስጥ ትልቅ ካብ ይሆናል።

ሥራው ግን ቀስ ያለ ነው። ድፍን የሆነው የኮራል ዓይነት በዓመት የሚያድገው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ አስሉት። 1 ሜትር ቁመት እንዲኖረው ስንት ዓመት ይፈልጋል? 100 ዓመት! አያት የጀመረውን የልጅ ልጅ ይጨርሰዋል እንደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጀልባችን እንመለስ። ጀልባ በባሕር ላይ እንዲቆም መልሕቅ ይጣላል። መልሕቅ ማለት በሰንሰለት የታሰረ ከባድ ብረት ነው። ብረቱ ኮራል ላይ ከወደቀ ይሰብረዋል። ነፋስ ጀልባውን ሲገፋው ደግሞ ሰንሰለቱ ወዲያ ወዲህ እየተጎተተ ሌላውን ይጨፈልቃል። የ100 ዓመት ሥራ በአንድ ደቂቃ ይጠፋል።

በሁርጋዳም ጀልባው በበዛ ጊዜ የሆነው ይኸው ነበር። በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአካባቢው ጠላቂዎች ተሰብስበው ባሕሩን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋሙ። መላው ቀላል ነው። በባሕሩ ወለል ላይ ጠንካራ ድንጋይ ይበሳል። ብረት ይተከልበታል። ከብረቱ ረጅም ገመድ ይታሰራል። በገመዱ ጫፍ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አለ። ጀልባው ሲደርስ መልሕቅ አይጥልም። ገመዱን ይዞ ይታሰራል። ሁለተኛው ጀልባ ሲመጣ ከመጀመሪያው ጋር ይታሰራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ የለ? ዛሬ በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ እንዲህ ያሉ ማሰሪያዎች በመቶ ይቆጠራሉ።

ተሳፋሪውም ደንብ አለው። መንገድ መሪው ከመግባታቸው በፊት ይነግራቸዋል።

1. ኮራሉን አትንኩ።
2. ደከመኝ ብላችሁ በላዩ አትቁሙ።
3. ለማስታወሻ ብላችሁ ሰብራችሁ አትውሰዱ።
4. ለዓሣ ምግብ አትጣሉ።
5. ቆሻሻ ወደ ውሃው አትወርውሩ።

«አንድ ሰው ቢነካው ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። አንድ በሬ ማሳ ውስጥ ቢገባ ጥቂት ቡቃያ ይረግጣል። መንጋው በየቀኑ ቢገባስ? እህል አይኖርም። የኮራሉም ነገር እንዲሁ ነው።

ኮራል ሌላም ጠላት አለው። እሱም ሙቀት ነው። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌ የሚባሉ ነገሮች ይኖራሉ። እንደ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ። ኮራሉ ማደሪያ ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ይመግቡታል። ቀለሙም በአብዛኛው ከነሱ ነው። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ግን ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል። ያን ጊዜ እንደ አጥንት ይነጣል፤ ይራባል። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ይድናል። ከቆየ ግን ይሞታል። ይህ በሽታ በ1998፣ በ2010፣ ከ2014 እስከ 2017 በብዙ ባሕሮች ታየ። በ2024 ደግሞ ሳይንቲስቶች ለአራተኛ ጊዜ ዓለምን ማዳረሱን አስታወቁ። የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራል ሙቀትን ከሌላው ይልቅ ይችላል። ቢሆንም ቻይነቱ ወሰን አለው።

ኮራል ቢጠፋ የሚጎዳው ማን ነው? በዓለም የባሕር ወለል ላይ ኮራል የያዘው ቦታ ከ100 እጅ 1 እጅ አይሞላም። ነገር ግን በባሕር ከሚኖረው ፍጥረት ዓይነት ከ4 አንዱ ያህል በኮራል ተጠግቶ ይኖራል። ኮራል ከሌለ ዓሣው መጠጊያ ያጣል። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ባዶ ይስባል። ማዕበሉን የሚሰብረው ካብ ስለሚፈርስ ባሕሩ የብሱን ይበላዋል። የጀልባው ነጂም፣ ወጥ ሠሪውም፣ መንገድ መሪውም እንጀራቸው ይቀራል። የሚያይ ነገር ከሌለ ማን ይሳፈራል?

ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ግድም ጀልባው ይመለሳል። ሰዎቹ ቆዳቸው ጨው ሆኗል፤ ርቧቸዋል፤ ደስ ብሏቸዋል። በእጃቸው የያዙት ነገር የለም። በደንብ የተደረገ ጉዞ ማለት ይህ ነው፤ ያዩትን ነገ የሚመጣውም ያየዋል።

የዛሬ ቃላት፦ ባሕር፣ ደሴት፣ ኮራል፣ መልሕቅ፣ ማዕበል። እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ጻፉ።

ተወያዩበት፦
ኮራል ድንጋይ ነው ወይስ እንስሳ? በምን አወቃችሁ?
በመልሕቅ ፈንታ ገመድ ማሰሩ ለምን ይሻላል?
በቀበሌያችሁ ቀስ ብሎ አድጎ ቶሎ የሚጠፋ ነገር ምንድን ነው? ማን ይጠብቀዋል?