ወንድ ተማሪ ጥብስ ቢጠብስ ምን ነውር አለው?

ስለ ሴቶች እኩልነት በክርክር መድረክ ላይ የሚናገር ወንድ ተማሪ በዘመናችን አልጠፋም። ንግግሩም ያማረ ነው፤ ይጨበጨብለታል። ይሁን እንጂ ተናጋሪው ከመድረኩ ወርዶ ቤቱ ሲገባ ራቱን የምታቀርብለት እኅቱ ናት፤ የበላበትን ሳህን የምታጥበውም እርሷው ናት። እኅትየውም ተማሪ ናት፤ ነገ ፈተና አለባት። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገሩ ስለ ጥብስ ነውና። ግን እኩልነት የሚመዘነው በአዳራሽ ብቻ ሳይሆን በማድ ቤትም ጭምር ስለሆነ፣ የተከበሩ መምህሮቻችንና ውድ ጓደኞቻችን በትዕግሥት እንዲከተሉን እንለምናለን።

አሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። ማንኛውም ወንድ ተማሪ ሥጋና ቃሪያ ገዝቶ፣ ቆርጦ፣ ጠብሶ፣ ለቤተ ሰቡ አቅርቦ፣ በመጨረሻም መጥበሻውን አጥቦ መስቀል መቻል አለበት። ይህን ማድረግ ነውር አይደለም፤ ነውር ካለ አለመቻሉ ነው።

ከአራት ኪሎ ተነሥተን፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግረን ወደ ፒያሳና ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ብንወጣ በየሥጋ ቤቱ የምናየው ምንድን ነው? ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ቢላዋውን ስሎ ሥጋ የሚቆርጠው ወንድ ነው። ከጀርባው ብረት ምጣዱን ጥዶ የሚጠብሰውም ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። በበዓል ቀን ቅርጫ ሲገባም በሬውን የሚጥለው፣ ብልቱን የሚያወጣው፣ መደቡን የሚያካፍለው ወንድ ነው። በዚህ ሁሉ «ወንድነቱ ጎደለ» ብሎ የሚስቅ የለም። ሥጋው የማድ ቤቱን ደፍ በተሻገረባት ደቂቃ ግን ሥራው የሴት ይሆናል። ሥጋው ያው ሥጋ፣ እሳቱም ያው እሳት ነው። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው? የተለወጠው ክፍያው ነው። ጥብስ መጥበስ ደመወዝ ሲያስገኝ የወንድ ሥራ ይሆናል፤ ደመወዝ ሲታጣበት የሴት ግዴታ ይሆናል።

ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል። ወንድን «ባለሙያ» ስንል አናጢ፣ መካኒክ ወይም ሐኪም ማለታችን ነው፤ በሙያው የሚያድር፣ የሚከበር ሰው ማለታችን ነው። ሴትን «ባለሙያ» ስንል ግን ወጥ የሚጣፍጣት፣ ጠላ የሚያምርላት ማለታችን ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን አንዱ ሙያ ገበያ ወጥቶ ዋጋ ያገኛል፤ ሌላው ጓዳ ውስጥ ተመስግኖ ይቀራል።

«ይህ የአባቶቻችን ባህል ነው፤ ለምን ትነካላችሁ?» የሚሉን አይጠፉም። ባህልን እናከብራለን። ነገር ግን ባህል ሲባል ሁሉንም ማየት ያስፈልጋል። ሴት በማትገባበት በደብረ ዳሞ ገዳም ምግብ የሚያሰናዳው ማን ነው? መነኮሳቱ ናቸው። የቆሎ ተማሪውስ ከእናቱ ቤት ርቆ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የለመነውን እየተመገበ ራሱን በራሱ ያኖር የለምን? እነዚህ ከባህላችን ውጭ ናቸው የሚል ማንም የለም። ደግሞም ጥብሳችንን ጥብስ ያደረገው ቃሪያ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም። የቃሪያና የበርበሬ ዘር በአሜሪካ ምድር የበቀለ ሲሆን፣ ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨው ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕር ከተሻገረ በኋላ ነው። ቃሪያ ውቅያኖስ አቋርጦ መጥቶ የባህላችን ምግብ ለመሆን ከቻለ፣ ወንድ ልጅ ከሳሎን ተነሥቶ ማድ ቤት ድረስ ቢሄድ ባህል ይፈርሳል ማለት አያሳምንም።

ማድ ቤት ማወቅ ክብርን ይቀንሳል ለሚልም ፒያሳ ራሷ መልስ አላት። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ በመቀሌ ጠላት የሚጠጣውን ውሃ ያስያዙ፣ በመንግሥት ምክር ቃላቸው የሚሰማ ሴት ነበሩ። እኒሁ እቴጌ የቤተ መንግሥቱን ግብርና ድግስ ያስተዳድሩ ነበር፤ ዛሬም በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በፒያሳ ያቋቋሙ እርሳቸው ናቸው። ድግስ ማወቃቸው ከጦር ምክር አላስቀራቸውም። እንግዲህ ግማሽ ኪሎ ሥጋ መጥበስ የአንድ ተማሪን ክብር እንዴት ሊቀንስ ይችላል?

ሁለተኛው ተቃውሞ «የወንድ እጅ አይጣፍጥም» የሚለው ነው። የዚህን መልስ ከሳይንስ ክፍል ጓደኞቻችን ጋራ ሆነን ብናየው ይሻላል። ብዙ ሰው ቤቱ የጠበሰው ጥብስ ግራጫ መልክ ይዞ፣ ውሃ አዝሎ፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥበት በእጁ ምክንያት አይደለም። ከሥጋ ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ነው። ብዙ ሥጋ በአንድ ጊዜ ባልጋለ መጥበሻ ላይ ሲገለበጥ ያ ውሃ ይወጣና ሥጋው በገዛ ውሃው ይቀቀላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሥጋው ከዚያ ብዙም አያልፍም። መልኩን ቡናማ፣ መዓዛውን ያማረ የሚያደርገው ለውጥ ግን በደንብ የሚሠራው ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ሲያልፍ ነው፤ ይህንም በ1912 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። እንግዲህ «እጅ» የሚባለው ምስጢር አብዛኛው እሳት ማወቅ ነው። እሳት ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም።

ስለዚህ ጠባሹ እንዲህ ያድርግ። ለ3 ሰው ግማሽ ኪሎ አጥንት የሌለው፣ ጥቂት ጮማ የነካው ሥጋ ይግዛ፤ ለሥጋ ቆራጩም «ለጥብስ» ብሎ ይንገረው። ሥጋው በጭረቱ አቅጣጫ ሳይሆን ጭረቱን አቋርጦ፣ የአውራ ጣት ጫፍ በሚያህል ልክ ይቆረጥ፤ እርጥበቱም በንጹሕ ጨርቅ ይደረቅ። ብረት ምጣዱ ባዶውን በደንብ ይጋል። ከዚያ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ ሥጋውን ከሁለት ከፍሎ በየተራ ይጣደው። ሥጋው ሲያርፍ «ጭስ» የሚል ድምፅ ካልሰጠ ምጣዱ ገና ነው ማለት ነው። ያለ ዕረፍት አያማስለው፤ አንዱ ጎን መልክ እስኪይዝ ይተወው። ሁለቱም ክፍል መልክ ሲይዝ ወደ ሳህን ይውጣ። በዚያው ምጣድ 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት በረጅሙ ተቆርጦ ይቁላላ፤ ሥጋው ይመለስ፤ አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ፣ የተከተከተ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠልና ጨው ይጨመር። በመጨረሻ 3 ወይም 4 ቃሪያ ፍሬው ወጥቶ፣ በረጅሙ ተሰንጥቆ ይግባና ከ2 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ ይውረድ።

ቃሪያው ለምን መጨረሻ ላይ ይገባል ቢባል ምክንያት አለው። ሃንጋሪያዊው ሊቅ አልበርት ሴንት ጆርጂ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ቫይታሚን ሲን በብዛት ያገኘው ከአገሩ ቃሪያ ነው፤ በ1937 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። ይህ ቫይታሚን ግን ረጅም እሳት አይችልም። ቃሪያው አረንጓዴነቱንና ቁርጥምጥም ማለቱን ሳይለቅ ቢወርድ ለአፍም ለጤናም ይበጃል። ሥጋውን በሚገባ ማብሰልም እንዲሁ ጥቅም አለው። ወላጆቻችን ኮሶ መጠጣት ግድ የሆነባቸው በጥሬ ሥጋ ውስጥ ባለው ትል ምክንያት ነበር፤ ውስጡ ድረስ የበሰለ ሥጋ ግን ትሉን አያስተላልፍም።

አብሮ የመብላት ነገርም መታሰብ አለበት። በአንድ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎች መካከል ክርስቲያንም ሙስሊምም ይኖራል፤ ሥጋቸውም እንደ ሃይማኖታቸው የየራሱ ነው። ይህ አብሮ ለመብላት ዕንቅፋት አይደለም። ሁለት መጥበሻ ይጣድ፤ እንጀራው አንድ፣ ጨዋታው አንድ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾሙም ወራት፣ መጥበሻው ይረፍ፤ ወንድየው ግን አይረፍ፤ ሽሮ መሥራትም ይማር።

ይህን ነገር ዛሬ አጥብቀን የምንናገርበት ሌላ ምክንያት አለን። አራዳ የምናውቃት አራዳ አይደለችም። የጊዮርጊስ አካባቢ ትልቁ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ተወሰደ። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተነሣ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሩቅ ሰፈሮች ሄደ። በእነዚያ ግቢዎች ማድ ቤቱ የጋራ ነበር። አንዷ እናት ብትታመም የጎረቤት ሴቶች ልጆቿን ያበሉ ነበር፤ ጥብስ የሸተተው ጎረቤትም፣ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ሳትቀምስ አትቀርም ነበር። ዛሬ ያ ቤተ ሰብ በማያውቀው ሰፈር፣ በፎቅ ላይ፣ በሩን ዘግቶ ይኖራል። እናት ብትታመም ማን ያበስላል? እስካሁን ያለው መልስ «ሴት ልጇ ከትምህርት ትቅር» የሚል ነው። እኛ ግን «ወንድ ልጇም ያብስል» እንላለን። ጉዳዩ የምግብ ብቻ አይደለም፤ ከሁለት ልጆች የትኛው መጽሐፉን ይዘጋል የሚል ነው።

አንዳንዶች «ሥጋ ተወዷል፤ ጥብስ የባለጠጋ ምግብ ነው፤ ለምን በእርሱ ጀመራችሁ?» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ የተማሪ ኪስ ጥብስን በየቀኑ አይችልም። በእርሱ የጀመርነው ወንዱ በሥጋ ቤት ሲያዘው የሚኮራበት፣ አዘገጃጀቱም አጭር የሆነ ምግብ ስለሆነ ነው፤ ለጀማሪ ሰበብ አይተውለትም። ሆኖም አንድ ነገር እናስጠነቅቃለን። በዓመት አንድ ቀን ጥብስ ጠብሶ፣ ቤተ ሰቡን ሁሉ ሰብስቦ፣ «እንዴት ነው እጄ?» ብሎ ምስጋና የሚለቅም ወንድ ሥራ ተካፈለ አይባልም። ሽንኩርቱን የላጠችለት እኅቱ፣ ቅባት የተጋገረበትን ምጣድ የምትፈገፍገውም እርሷ ከሆነች፣ እርሱ የሠራው ጥብስ ሳይሆን ትርኢት ነው። ሥራ መካፈል የሚታወቀው ማክሰኞ ማታ፣ ማንም ሳያጨበጭብ፣ ሽሮው ሲጣድና ዕቃው ሲታጠብ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ወንዶች ጓደኞቻችን ጾም በሌለበት በመጪው ቅዳሜ በየቤታቸው፣ ወይም ባረፉበት ዘመድ ቤት፣ ምሳውን ከገበያው እስከ እጥበቱ ድረስ ራሳቸው ይያዙ። እናቶችና እኅቶች «ውጣልኝ፤ አታበላሽ» ብለው መጥበሻውን ከእጃቸው እንዳይቀሙ እንለምናለን፤ ሰው የሚማረው እየሠራ ነውና። መምህሮቻችንም በየቤታቸው አርአያ ቢሆኑ ከብዙ ትምህርት ይበልጣል። ማኅበራችን ደግሞ «የቤት ሥራ የማን ነው?» የሚለውን ለሚቀጥለው ክርክር ርእስ አድርጎ ይያዝልን፤ ተከራካሪ ወንዶችም ከመናገራቸው በፊት በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንዳበሰሉ ይጠየቁ።