ጥፋቱን ያመነ ሰው ስለ ቅጣቱ መናገር አይችልም ያለው ማነው?

ሰሞኑን ሰፈር ውስጥም ዘመድ ቤትም አንድ ዓይነት ወሬ ሰለቸኝ። «አምኗል አይደል? ታዲያ ምን ይግባኝ ያስብለዋል!» አንዱ አጎታችን ደግሞ ጨምረውበት «ዳኛውን ታስቀይሙና ይብስበታል» አሉን። እስኪ ጎበዝ፣ ይሄን ነገር ከየት ነው ያመጣነው?

ነገሩን ለማታውቁ ባጭሩ፦ የአክስቴ ልጅ 22 ዓመቱ ነው፤ ሰርቋል። አልሰረቀም የሚል ሰው እኛ ቤት የለም። ክሱ ሲነበብለት አምኗል፣ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ለባለቤቱ ተመልሷል፣ ከዚያ በፊት በምንም ወንጀል ተከሶ አያውቅም። የተፈረደበት 7 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

የተከሰሰበት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 669፣ ከባድ ስርቆት፣ ከ1 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ከ1 እስከ 15! በዚህ መሃል የት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው ዳኛው ነው። ለዚህም ነው አንቀጽ 88 የጥፋተኛውን ያለፈ ሕይወት፣ ለድርጊቱ የገፋፋውን ምክንያት፣ የግል ኑሮውንና የትምህርት ደረጃውን እይ ብሎ ዳኛውን የሚያዘው። አንቀጽ 82 ደግሞ የቀድሞ መልካም ጠባይን፣ መጸጸትንና ጉዳትን መካስን ማቅለያ ብሎ ይቆጥራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ያወጣው፣ በ2006 ዓ.ም. ያሻሻለውም፣ ለተመሳሳይ ጥፋት አንዱ ችሎት አቅልሎ ሌላው አክብዶ እንዳይፈርድ ነው። በመመሪያው መሠረት ማቅለያ በተያዘ ቁጥር የቅጣቱ እርከን ይወርዳል። ፍርዱ ሲነበብ እኛ የሰማነው ማቅለያ ማመኑ ብቻ ነው። ስለ ዕቃው መመለስ አንድ ቃል አልተነሳም፤ ሪከርድ የሌለበት መሆኑም እንደዚያው። የምንጠይቀው እንግዲህ ይህንኑ ነው። ነጻ ይውጣ ያለ የለም።

ያመነ ሰው ይግባኝ የለውም ለምትሉ፦ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185ን አንብቡት። ያመነ ሰው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም፤ በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ግን ይችላል። ከ60 ዓመት በላይ የቆየ ሕግ እኮ ነው! ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 20 ላይ ይግባኝን ከተከሳሽ መብቶች አንዱ አድርጎ አስፍሮታል። ደግሞ እዚያው አንቀጽ 185 ላይ ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ እንዲል ተፈቅዶለታል። ዐቃቤ ሕጉ ሲጠይቅ ዳኛ ደፈረ የሚል አልሰማሁም። የእስረኛ እናት ስትጠይቅ ነው ድፍረት የሚሆነው?

«ተበዳዩስ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የተሰረቀ ሰው ይናደዳል፣ መናደዱም ያባት ነው። ቅጣቱን የሚወስነው የተሰረቀው ሰው ሳይሆን ዳኛ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝ ግን «ዝም በሉ፣ ለአዲስ ዓመት ይቅርታ ይወጣል» የሚለው ምክር ነው። ይቅርታ የመንግሥት በጎ ፈቃድ ነው። ስምህ ዝርዝሩ ውስጥ ይኖራል፣ አይኖርም፤ ለምን ቀረሁ ብለህ የምትከራከርበት ችሎት የለም። ቅጣቱ በዝቶ ነበር ወይ የሚለውንም አይመረምርም። አመክሮስ? የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ለጨረሰ ነው። 7 ዓመቱ እንዳለ ከጸና ልጁ 4 ዓመት ከ8 ወር ሳይሞላው አመክሮ የሚባል ነገር አያገኝም። ይግባኙ 7ቱን ወደ 3 ቢያወርደው 2 ዓመት ይሆናል። ይህን ልዩነት ነው «ይቅርባችሁ» የምትሉን።

እናንተ ስትመክሩን ደግሞ ቀኑ አይቆምም። የይግባኝ ማስታወቂያ የሚገባው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ነው፤ ዝርዝር ማመልከቻው የፍርድ ግልባጭ በተገኘ በ30 ቀን። ባለጉዳዩ ያለጥፋቱ ከዘገየ ማስፈቀድ ይቻላል፤ «አጎታችን ተዉት ስላሉን ነው የዘገየነው» የሚለውን ምክንያት የሚቀበል ችሎት ግን ያለ አይመስለኝም።

ዛሬ ቅዳሜ፣ ፍርዱ ከተነበበ 9ኛ ቀኑ ነው። አብዛኛው በቤተሰብ ጭቅጭቅ አለቀ። ሰኞ ጠዋት ከአክስቴ ጋር ሬጅስትራር ሄደን ማስታወቂያውን እናስገባለን፣ ግልባጩንም እንጠይቃለን። የወንጀል ይግባኝ የምትሠሩ ጠበቆች ካላችሁ፣ በተለይ ደግሞ አቅም ለሌለው በነጻ የምትቆሙ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዕቃው ስለመመለሱ ፖሊስ ጣቢያ የተፈረመው የርክክብ ወረቀት ኮፒ እጄ ላይ ነው፤ እልክላችኋለሁ።