ውሃ የገባባትን መኪና አታስነሷት

 

በአገራችን ክረምት የሚገባው በሰኔ ነበር። እዚህ ግን ሱኮት ሲያልፍ ነው ሰማዩ መጥቆር የሚጀምረው። ዝናቡ ሲጠፋ ሳምንት ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ በባልዲ እንደሚደፋ ነው። አስፋልቱ ውሃ አይመጥም፣ ቱቦው ይሞላል፣ ዝቅ ያለው መንገድና መኪና ማቆሚያው ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ የማወጋችሁ ጎርፍ ስለነካት መኪና ነው። ብዙ ዓመት ሙሳክ ውስጥ ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርሁ ሰው ነኝና፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ረሆቮት፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ ዓርብ ማታ ከባድ ዝናብ ጣለ። አንድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ውሃው እስከ መኪኖቹ የፊት መብራት ደረሰ። ሌሊቱን ቆይቶ ሸሸ። ከቆሙት መኪኖች አንዷ የአንድ የሰፈራችን አባት ነበረች፤ ሌላዋ የአንዲት እናት። ሁለቱም ያረጁ መኪኖች፣ ሁለቱም ያው ውሃ የገባባቸው።

አባታችን ሰንበት እስኪወጣ ጠበቁ። እሑድ ጧት ባለቤታቸው ካፕላን ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው። ወርደው ሲያዩዋት መኪናዋ ከውጭ ደርቃለች። «እስቲ ትነሣ እንደሆነ ልያት» ብለው ቁልፉን አዞሩ። አንድ ጊዜ «ጓ!» አለችና ቀጥ። ደግመው አዞሩ። አለቀ።

እናታችን ግን ገና በመስኮት አይተው ነበርና ሰንበት እንደወጣ ለልጃቸው ደወሉ። ልጁም «እማዬ፣ ቁልፉን እንዳትነኪው፤ እኔ ስመጣ እናስጎትታታለን» አላቸው። በግራር፣ ማለት በመኪና ጎታች፣ እኛ ዘንድ መጣች። ውሃውን አወጣንላት፣ ዘይቷን ቀየርን፣ ፊልትሮዋን ቀየርን። ዛሬም እሳቸውን ወደ ገበያ ታመላልሳለች። የአባታችን ሞተር ግን ውስጡ ተጣሞ ተገኘ፤ ማደሻው ከመኪናዋ ዋጋ በለጠ።

ያው ውሃ፣ ያው ሌሊት። ልዩነቱ ቁልፉ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ሞተር አየርና ነዳጅ ይስባል፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ አየሩን ይጨምቀዋል። አየር ደግሞ ይጨመቃል። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከድናችሁ ጨምቁት፣ እሺ ይላል። እስከ አፉ ውሃ ሞልታችሁ ከድናችሁ ጨምቁት፣ እምቢ ይላል። ሞተሩ ውስጥ ውሃ ተኝቶ ሳለ ቁልፉን ስናዞር ሞተሪኖው ፒስተኑን በግድ ይገፋዋል፤ ውሃው አይጨመቅም፣ እናም ፒስተኑን የያዘው ብረት፣ መካኒኮች ቢየላ የምንለው፣ ይጣመማል። አንዳንዴም ተሰብሮ የሞተሩን ጎን ይበሳዋል። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ አብልጦ ስለሚጨምቅ ጉዳቱ የባሰ ይሆናል።

ታዲያ ውሃ የነካትን መኪና እንዴት እንመርምራት? በተራ እንሂድ።

መጀመሪያ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ እዩ። በሩና ጎማው ላይ የጭቃ መስመር ትቶ ይሄዳል። ከመኪናዋ ወለል በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ሞተሩን አያገኘውም፤ ፍሬኑን ግን ማሳየት ያስፈልጋል። ወለሉን አልፎ ምንጣፉን ካረጠበ ሽቦው ያሰጋል። እስከ መብራቱ ከደረሰ ሞተሩም ካምቢዮውም ውሃ ጠጥቷል ብላችሁ ቁጠሩት። ሳትነኩ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ መስመሩን፣ ወለሉን፣ ታርጋውን።

ቁልፉን አታዙሩ፤ መብራቱን ለማየትም ቢሆን አትክፈቱት። ጎረቤት ተሰብስቦ «እንግፋትና ትነሣ» ቢል እንቢ በሉ። መኪናዋ ሃይብሪድ ወይም የኤሌክትሪክ ከሆነች ደግሞ ኮፈኑን ከፍታችሁ ምንም እንዳትነኩ፤ ብርቱካናማው ሽቦ ሰው የሚገድል ኃይል ይይዛል። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

ተራ የቤንዚን ወይም የናፍጣ መኪና ከሆነች፣ ውሃው ከሸሸ በኋላ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያ ዘንጓን መምዘዝ ይቻላል። ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ከወጣ፣ ወይም መልኩ እንደ ቡና በወተት ከሆነ፣ ውሃ ገብቷል። ንጹሕ ሆኖ ቢታይም አትታለሉ፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ተኝቶ ይሆናል። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን እዩ። ከረጠበ ወይም ጭቃ ከያዘ ውሃው ሞተሩ የሚተነፍስበትን መንገድ አግኝቶታል ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው የሙሳክ ሥራ ነው።

ሙሳክ ስትደርስ መካኒኩ ምን ማድረግ እንዳለበት እናንተም እወቁት። ካንዴላዎቹን ይፈታል፤ ናፍጣ ከሆነ ነዳጅ የሚረጨውን ክፍል ያወጣል። ከዚያ ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል፤ ውሃ ካለ በቀዳዳው ይወጣል። ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይራል፣ ጥቂት ያሠራዋል፣ እንደገናም ይቀይራል። የካምቢዮውንም ዘይት ያያል። በመጨረሻ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ይለካል። አንዱ ከሌሎቹ ከወረደ ቢየላው ተጣሞ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ «ተነሣች» ማለት «ዳነች» ማለት አይደለም። በትንሹ የተጣመመ ቢየላ ያለበት ሞተር ይነሣል፣ ይሄዳልም። እንደ መዶሻ «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ግን ያን ጊዜውኑ አቁሙ። አለበለዚያ ከወራት በኋላ አውራ መንገድ ላይ ይሰበራል። የሽቦው ዝገትም እንዲሁ ቆይቶ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቢቱዋሕ ሖባ የሚባለው ግዴታው ኢንሹራንስ የሰውን አካል ብቻ ይሸፍናል። ጻድ ጊሜል በሌላ ሰው ንብረት ላይ ያደረስነውን ጉዳት ነው። የራሳችንን መኪና ከጎርፍ የሚሸፍነው ማኪፍ ነው፤ በመደበኛው የማኪፍ ውል ጎርፍ፣ ማዕበል፣ በረዶ ተጽፈዋል። ማኪፍ ካላችሁ መጀመሪያ ለኢንሹራንሱ ደውሉ። ሻማይ፣ ማለት ጉዳት ገማቹ፣ ሳያያት አታስጠግኑ። ከጎርፉ በኋላ ቁልፍ አዙረን ጉዳቱን ካባባስነው ግን ክርክር ሊነሣ ይችላልና፣ በዚህም በኩል አለመንካቱ ይሻላል። አባታችን ማኪፍ አልነበራቸውም፤ ለአሮጌ መኪና ብዙዎቻችን አንገባም። ለዚህ ነው ያቺ አንዲት የቁልፍ ዙር የከበደቻቸው።

በጎርፍ መያዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ጃንዋሪ 2020 በወረደው ዝናብ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በሐጾር የአየር ኃይል ሰፈር ውሃ ማቆያው ውስጥ ገብቶ ኤፍ-16 የጦር አውሮፕላኖችን ጎድቷል። ወታደር የሚጠብቃቸውን ያገኘ ጎርፍ የእኛን መኪና ቢያገኝ ምን ይገርማል?

በዚያው ወር ግን ከመኪናም የከፋ ሆኗል። በናሃሪያ በመኪና ውስጥ በውሃ የተያዙ ሰዎችን ሊረዳ የወጣ ሰው ሞቷል። ስለዚህ እየነዳችሁ ሳለ መንገዱ በውሃ ከተሸፈነ ተመለሱ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው ለከንቱ አይደለም። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ብዙ ትናንሽ መኪኖችን ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ ውሃ ትልቁንም ይወስዳል። አገር ቤት ወንዝ ሲሞላ መንገደኛው ዳር ቁጭ ብሎ እስኪጎድል ይጠብቅ አልነበር? እዚህም ያው ነው። ሞተሩ ውሃው መካከል ከጠፋ አታስነሡት፤ መውጣት ከተቻለ ውጡና ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ 100 ወይም 102 ደውሉ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልበል። አባታችንን «ልጅዎን ለምን ቀድመው አልጠየቁም?» አልኋቸው። «ሰንበት እንደወጣ ላስቸግረው አልፈለግሁም፣ እሱም ድካም አለበት» አሉኝ። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። «አባዬ፣ አንድ ደቂቃ ብትደውልልኝ እኮ ነው» አለና ፊቱን አዞረ። እሑድ ጧት ካፕላን ያደረሳቸውም እሱ ነው።

እኛ ወላጆች ይህ ጠባይ አለብን። ልጆቻችንን ላለማስቸገር ስንል ችግሩን እናሳድገዋለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። መኪናችሁ ውሃ ውስጥ ስታድር ካያችኋት ቁልፉን ቤት አስቀምጡና ስልኩን አንሡ። ለልጅ፣ ልጅ ቅርብ ከሌለ ለጎረቤት፣ ለምታውቁት መካኒክ። ለሐኪም ቀጠሮ በታክሲ ሂዱ፤ የታክሲ ሒሳብ ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ክረምቱን በሰላም ያሳልፋችሁ። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።